አሥራ አምስት ማግኔት፣ ሠላሳ አፍ

ሰኞ፣ ሊጀመር ሳምንት ሲቀረው

እስከ ዛሬ ሃያ ዘጠኝ ሰው ሞላ። አንድ ጎደለ። ዶክተር ዝርዝሩን ሦስት ጊዜ ቆጠሩት፤ ደጋግመው ሲቆጥሩት የሚጨምር ይመስል።

ነገሩን ከሥሩ ልጻፈው። የጥርስ ድንጋይ፣ ሐኪሞቹ ታርታር የሚሉት፣ ማንቆርቆሪያ ውስጥ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር ነው፤ ከምራቅ ውስጥ እየወጣ ጥርስ ላይ ይደርቃል። ከስድስት ዓመት በፊት ዶክተር የአንድ ፋብሪካ ቦይለር ሠራተኛ ጥርስ ሲነቅሉ ሰውዬው "እኛ ቧንቧው ላይ ማግኔት እናስራለን፤ ኖራው አይጋገርም" አላቸው። ደም እየተፋ ነው የነገራቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ዶክተር ሌላ ወሬ የላቸውም። ውሃው በማግኔት አልፎ ጥርስ ላይ ቢረጭ ድንጋዩ መያዝ ያቅተዋል ይላሉ። "ይባላል ነው ሲስተር፤ ይሁን አይሁን እኛ እናያለን" ይሉኛል ደግሞ።

እንዴት እንደምናየው እነሆ። ሠላሳ ሰው፣ ሠላሳ ትንንሽ የውሃ መርጫ። እያንዳንዷ አንገቷ ላይ ጥቁር ቀለበት አላት። አሥራ አምስቱ ቀለበት ማግኔት ነው፣ አሥራ አምስቱ ተራ ብረት። በመልክም በክብደትም አይለዩም። የትኛው ቁጥር የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው ቀለበቶቹን የሠራው ሰውዬ ብቻ ነው፤ እሱም ጽፎ በታሸገ ፖስታ ሰጥቷል፤ ፖስታው ዶክተር መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል። ሁሉም ሰው መጀመሪያ ጥርሱ ይጸዳል፤ ከዚያ አሥራ ሁለት ሳምንት ጠዋትና ማታ ይረጫል። በየአራት ሳምንቱ እኔ የታች ስድስት የፊት ጥርሶችን በውስጥ በኩል እየነካሁ ነጥብ እሰጣለሁ። ንጹሕ ከሆነ ዜሮ፣ ከባሰበት ሦስት። ሲደመር ከአሥራ ስምንት። ለምን እኔ? እጄ አይሳሳትም። ይህን ያሉት ዶክተር ናቸው፣ እኔ አላልኩም።

ሁለት ሕግ አለ። በእነዚህ ሳምንታት ማንም ጥርሱን ሌላ ዘንድ አያስጠርግም። ድዱ የታመመም አይገባም።

ረቡዕ

ሠላሳኛው አባዬ ሆነ።

"ማግኔቱ የወርቅ ጥርሴን ቢጎትትብኝስ?" አለ።

"የወርቅ ጥርስ የለህም አባዬ።"

"እንግዲያው ምን አስፈራኝ!"

ሰባ ሁለት ዓመቱ ነው፤ አሁንም የቤታችን የፊት ክፍል ውስጥ ልብስ ይሰፋል። ላለፉት አሥራ ዘጠኝ ዓመታት በየሁለት ወሩ ጥርሱን የማጸዳው እኔ ነኝ። አሁን አንድ ዙር ይዘለላል፤ ሕጉ ነው። ድዱ ትንሽ ይደማል። ትንሽ ነው። በዚህ ዕድሜ የማይደማ ማን አለ? ቅጹ ላይ ጤነኛ ብዬ ሞላሁ። ዶክተር አላዩትም፤ "አንቺ ካየሽው ይበቃል" አሉኝ።

ቅዳሜ፣ አንደኛ ሳምንት

እንግዳ መቀበያ ላይ የምትሠራውን ልጅ "ራዲዮ" የምንላት በከንቱ አይደለም። ዛሬ ለበሽተኞቹ ሁሉ ዶክተር ውሃ በማግኔት ማጠብ ጀምረዋል እያለች ስታስተላልፍ ዋለች። "ውሃን ነው ወይስ ጥርስን?" አልኳት። "እኔ ምን አውቄ እማማ፣ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው" አለችኝ። እማማ! ገና አርባ አራቴ ነው።

ማክሰኞ፣ ሦስተኛ ሳምንት

ምሳ ሰዓት ላይ እየጻፍኩ ነው። ጠዋት ልወጣ ስል የሆነውን ካልጻፍኩት አያስቀምጠኝም።

አባዬ የስፒል ዕቃው ወለል ላይ ተደፍቶበት ተንበርክኮ አገኘሁት። "ተው እኔ ልልቀምልህ፤ ወገብህን" አልኩ። "የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማሽም? እኔ አልቸኩልም፣ መሣሪያ አለኝ" አለና የውሃ መርጫዋን ከኪሱ አወጣ። ወለሉ ላይ እያንሸራተተ አሳየኝ። ስፒሎቹ እየዘለሉ ቀለበቷ ላይ ይለጠፋሉ። ጢም ያበቀለች ትመስል ነበር።

እስኪያመኝ ሳቅሁ። ከዚያ ሳቄ ቀጥ አለ።

"አባዬ፣ ይህን ለማንም እንዳትናገር።"

"ምን አጠፋሁ?"

"ምንም። ብቻ እንዳትናገር።"

የአባዬ ማግኔት ነው ማለት ነው። ማወቅ አልነበረብኝም። አንድ ሰው ብቻ ነው ግን። ከሠላሳ አንድ። ለዶክተር ብነግራቸው አባዬን ያወጡታል፣ ሃያ ዘጠኝ እንሆናለን፣ ቆጠራው እንደገና ይጀመራል። አልነግራቸውም። ውለታ ነው የምውልላቸው።

ሰኞ፣ አራተኛ ሳምንት

የመጀመሪያው ነጥብ መስጫ። ዐሥር ሰው። ደክሞኛል።

መርጫዎቹን ጫፋቸው እንዲቀየር ይዘው ይመጣሉ። ትሪው ላይ ከመሣሪያዎቼ ጎን ይቀመጣሉ። ድንጋይ የምፍቅባት ቀጭን ብረት ወደ ቁጥር አራት ቀለበት ሸርተት ብላ ጠቅ አለች። እኔ አላስጠጋኋትም። ትሪው ጠባብ ነው።

ረቡዕ፣ አራተኛ ሳምንት

ሌሎቹን ሃያ ሰዎችም አይቼ ጨረስኩ። ትሪው ጠባብ ነው ብያለሁ። ግን ቀለበቶቹን ሁሉ በብረቴ ነካኋቸው። ጻፍኩት፤ ይኸው። አንዴ ካወቅሽ በኋላ አላውቅም ማለት አይቻልም፤ እጅ ራሱ ይሄዳል። አሥራ አምስቱን በቃሌ ይዣቸዋለሁ። ልይዛቸው ብዬ አይደለም፤ የቁጥር ነገር አይጠፋብኝም።

ዋናው ነገር ግን ይሠራል! ማግኔት ያላቸው ጥርሳቸው ንጹሕ ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ቢያገኙ ነው። የሌላቸው ገና በአራት ሳምንት ስድስትና ሰባት ደርሰዋል። አባዬ ሁለት አገኘ። ከእሱ አፍ ውስጥ ቶሎ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ሰው ይጠብቀኝ ነበር።

ዓርብ፣ ስድስተኛ ሳምንት

ዶክተር ዘንድ ከሌላ ክሊኒክ አንድ ወጣት የጥርስ ሐኪም መጥቶ ነበር። ራዲዮ "ሳቂታው" ብላዋለች። በሩ ገርበብ ብሎ ስለነበር ሰማሁ።

"ጋሼ፣ በዚህ ዕድሜዎ በማግኔት ይጫወታሉ? የልጄን ላምጣልዎት?"

ሰውዬው ሲወጣ ዶክተርን መነጽራቸውን እየጠረጉ አገኘኋቸው። መነጽሩ ንጹሕ ነበር። "ሲስተር፣ ነጥቡ እንዴት እየሄደ ነው? አይ ተይው፤ አትንገሪኝ። ሕግ ነው" አሉ። በጣም አሳዘኑኝ። ልነግራቸው ምላሴን በላኝ፤ ደስ እንዲላቸው ብቻ።

እሑድ፣ ሰባተኛ ሳምንት

አባዬ በመጨረሻ ሰማኝ! ዕድሜ ልኩን ክር በጥርሱ ነው የሚበጥሰው፤ የፊት ጥርሱ ጫፍ ላይ ክሩ ስንጥቅ እስኪያበጅ ድረስ። ስንት ዓመት ተቆጥቼዋለሁ። ዛሬ ሳየው በመቀስ ይቆርጣል። "ምከረው ምከረው እንቢ ካለ... ነበር እኮ የምለው" ብዬ ቀለድኩበት። "ሰው ይለወጣል" አለኝ፣ ቀና ሳይል።

ዳቦውንም ሾርባ ውስጥ እያራሰ መብላት ጀምሯል። እንዲህ ይጥመኛል ይላል።

ማክሰኞ፣ ስምንተኛ ሳምንት

ሁለተኛው ነጥብ። ቸኩያለሁ።

ቁጥር አሥራ አንድ፣ የአውቶቡስ ሾፌሩ፣ ማግኔት የሌለው። ብረቴን ሳስገባ እጄን ያዘኝ። "እህቴ፣ ምን አደረግሁሽ? ከኔ በፊት የገባችውን ሴትዮ እንደ እንቁላል ነበር የያዝሻት። እኔ ጋ ስትደርሺ መንገድ ትቆፍሪያለሽ።" ወንበር ላይ ሆኖ የሚጠብቀው ሁሉ ሳቀ።

አሥራ ሦስት ሰጠሁት። አሥራ ሦስት ነው። ፈልጌ ያገኘሁት ነው።

ሐሙስ፣ ስምንተኛ ሳምንት

አባዬን ዛሬ አየሁት። ሦስት ከአሥራ ስምንት። መካከለኛዋ ጥርሱ ላይ ዜሮ።

ራዲዮ ካርዱን ስትቀበለኝ "ኧረ እማማ፣ ገብተሽ ሳትቀመጪ ወጣሽ! በአየር ላይ ነው እንዴ የምታይው?" አለችኝ። አፏን እንድትይዝ ነገርኳት። ከፋት፤ ሻይም አላመጣችልኝም።

ልብ ካላየ ዓይን አያይም ይባላል። የኔ ልብ አይቷል እኮ። ስለዚህ ዓይኔም ያያል። ይህ ዓረፍተ ነገር ስጽፈው ያልጣመኝ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

ሰኞ፣ ዘጠነኛ ሳምንት

ዶክተር የማኅበሩ ጉባኤ ላይ የሚያቀርቡትን ጽሑፍ ርዕስ ብቻ አሳዩኝ። ከስማቸው ሥር የኔ ስም አለ። ሙሉ ስሜ፣ ከነአባቴ።

"እርስዎ ነዎት የሠሩት፤ እኔ ምን አደረግሁ?" አልኩ።

"ዓይኑ አንቺ ነሽ" አሉኝ።

ቤት ገብቼ ለአባዬ ነገርኩት። ተነሥቶ ግንባሬን ሳመኝ። ሲስቅ አፉን በእጁ ሸፈነ። ድሮ እንዲህ አያደርግም ነበር። ሳቁ ቤት የሚሞላ ሰው ነው። ዕድሜ ሰውን ያሳፍራል መሰለኝ።

ቅዳሜ፣ ዐሥረኛ ሳምንት

መታጠቢያው ላይ ሮዝ ውሃ አየሁ። "ይህ ምንድን ነው?" አልኩት። "የሰፋሁት ቀይ ጨርቅ ቀለሙ ለቀቀ፤ እጄን ታጠብኩበት" አለ። በዚህ ሳምንት ቀይ ጨርቅ ሲሰፋ አላየሁም። ለደንበኛ አስረክቦት ይሆናል።

ድዱ ትንሽ ነው የሚደማው። ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። ከዚያ አስቀምጬ እስኪያብረቀርቅ አጸዳለታለሁ።

ማክሰኞ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ምን እንደምጽፍ አላውቅም።

የጋውኔ ቁልፍ ተበጥሶ አባዬ የሸሚዝ ቁልፍ የሚያጠራቅምበትን የብስኩት ቆርቆሮ ከፈትኩ። እሱ ለደንበኛ ልብስ ሊያደርስ ወጥቶ ነበር። ነጭ ቁልፍ ስፈልግ በጣቴ ነጭ ነገር ያዝኩ። ቀዳዳ የለውም። ጥርስ ነው።

ጥርስ ሺህ ጊዜ ይዤ አውቃለሁ። ይህችን ግን ሳላገላብጣት አወቅኋት፤ ጫፏ ላይ የክር ስንጥቅ አላት። መካከለኛዋ ናት። ከሦስት ሳምንት በፊት ዜሮ የሰጠኋት። በውስጥ በኩል ከላይ እስከ ሥሯ ድረስ ቡናማ ድንጋይ ለብሳለች፤ በጥፍር የሚቀረፍ አይደለም፤ ቅርፊት ነው። በሦስት ሳምንት እንዲህ አይሆንም። በስምንተኛው ሳምንትም ነበረ። ብረቴ ሥር ነበረ።

ቁጭ ብዬ ጠበቅሁት። ሲገባ እጄ ውስጥ ያለውን አየና ኮቱን ሳያወልቅ ቆመ።

"መቼ ነው?" አልኩት።

"ዓርብ። ዳቦ ስበላ።"

"ለምን አልነገርከኝም?"

"አሁን ምን ታለቅሻለሽ? ጥርስ ባዳ ነው ይባል የለ። ባዳ ደግሞ አንድ ቀን ወደ አገሩ ይሄዳል።" ሊስቅ ሞከረ፤ ዛሬ አልሸፈነውም፤ ክፍተቱን አየሁት። ጎንና ጎኑ ያሉትም ዘመም ብለዋል።

"አባዬ፣ መቼ ነው መነቃነቅ የጀመረው?"

"ቆየ።"

"መቼ?"

"እኔ እንጃ። ክር መበጠስ ሲያቅተኝ።" ከዚያ ወንበር ስቦ አጠገቤ ተቀመጠ። "ስምሽ ወረቀት ላይ ሊወጣ ነው አልሽኝ። ሠላሳ ሰው ነው፣ አንድ ቢጎድል ይፈርሳል ብለሽኛል። የኔ ጥርስ ቢበላሽ የልጅቷ ሥራ ተበላሸ ይላሉ ብዬ ነው። አንድ ወር ቢቀረው ልቻለው አልኩ።"

እሱ ችሎታል። እኔ ምን እያደረግሁ ነበር? በመቀስ ሲቆርጥ አይቻለሁ። ዳቦ ሲያርስ አይቻለሁ። ሮዙን ውሃ አይቻለሁ። ሁሉንም እዚህ ደብተር ላይ በገዛ እጄ ጽፌዋለሁ፤ አሁን ወደ ኋላ ገልጬ አነበብኩት። ሌላ ሰው ቢያነበው በሰባተኛው ሳምንት ይጮኽ ነበር።

ረቡዕ፣ አሥራ አንደኛ ሳምንት

ጥርሷን በፋሻ ጠቅልዬ ዶክተር ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኳት። ስለ ስፒሉ፣ ስለ ትሪው፣ ስለ ብረቴ ነገርኳቸው። አላቋረጡኝም።

"የትኞቹ እንደሆኑ ታውቂያቸዋለሽ?" አሉ።

"አዎ።"

"ንገሪኝ።"

አሥራ አምስቱን ቁጥር በቃሌ ተናገርኩ። ዶክተር መሳቢያውን ከፍተው ፖስታውን ቀደዱት። ከስድስት ዓመት ጉጉት በኋላ በዚህ መልክ ነው የተከፈተው። በእርሳስ አንድ በአንድ ምልክት እያደረጉ ወረዱ። ሲጨርሱ እርሳሱን አስቀመጡ።

"አንድም አልሳትሽም" አሉ። "ከጠቅላላው ጥናት ትክክል የሆነው ይህ ብቻ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቁጣ አያውቁም። ስልክ አንሥተው ለሳቂታው ደወሉለት። "ልጄ፣ የምትጠላውን ሥራ ልሰጥህ ነው" አሉት፤ መጥቶ ሠላሳውንም እንዲያይ፣ ፖስታውንም መርጫውንም ሳያይ። ለሚስቅባቸው ሰው! እኔ ግድግዳውን እያየሁ ቆሜ ነበር።

አባዬን ማክሰኞ ራሳቸው ሊያዩት ቀጠሩ። "እንዴት ሊሆን ቻለ? ጤነኛ ድድ በአሥራ አንድ ሳምንት እንዲህ አይፈርስም" አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚያወሩ። እኔ ቅጹን አላነሣሁም። ለአንድ ቀን የነገርኳቸው ይበቃል። ስለ ማግኔቱ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ።

ሰኞ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

ሳቂታው ቀኑን ሙሉ ሠራ። አልሳቀም። ሾፌሩ ሲወጣ "ይህኛው ሰው እጁ ለሁሉም እኩል ነው" አለ፤ ጆሮዬ ሥር መጥቶ።

ማግኔት ያላቸው በአማካይ ዘጠኝ ነጥብ። የሌላቸው ዘጠኝ ተኩል። የኔ የስምንተኛ ሳምንት አማካይ ሦስት እና አሥራ ሁለት ነበር የሚለው። ሳቂታው "ግማሽ ነጥብ ምንም አይደለም" አለ። ዶክተር "ምንም ነውም አልልም፣ ነገር ነውም አልልም" አሉት። የርዕሱን ወረቀት ከጠረጴዛቸው ላይ አንሥተው የት እንዳስገቡት አላየሁም።

ሾፌሩን ይቅርታ ልጠይቀው በር ድረስ ተከተልኩት። አውቶቡስ እንዳያመልጠው እየሮጠ ነበር።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሁለተኛ ሳምንት

አባዬ እኔ በምሠራበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ዶክተር በኔ በኩል፣ እኔ በረዳት በኩል። ምራቅ የሚስበውን ቱቦ ያዝኩ። ዶክተር በጥርሱና በድዱ መካከል ያለውን ጥልቀት በሚሊሜትር ይለካሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ስድስት። ሰባት። ስድስት። ስምንት። ከሦስት በላይ መሆን አልነበረበትም። ድንጋዩን ከድዱ ሥር ሲያወጡ አንድ ሰዓት ፈጀባቸው። አባዬ አንዴም አላቃሰተም፤ የወንበሩን እጀታ ብቻ ጨብጦ ነበር። ከጎን ያሉት ሁለት ጥርሶች መነቀል አለባቸው፤ ሌሎቹ ይተርፉ ይሆናል።

ሲያልቅ አፉን ተጉመጠመጠና ቀና ብሎ ዶክተርን አያቸው።

"ዶክተር፣ ውሃው ሠራ ወይስ አልሠራም?"

"አላወቅንም። ሥራው ተበላሽቷል።"

"በኔ ጥርስ ነው?"

"በእርስዎ አይደለም።"

አባዬ ግን የተጽናና አልመሰለኝም። "እንደገና ይጀመር ካሉ እኔ አለሁ" አለ። "ጥርስ ገና አለኝ። ይህን ሁሉ ለፍታበት ልጄ ባዶ እጇን አትቅር።"

ዶክተር ፈገግ አሉ። እኔ ደሙን የጠረግሁበትን ጨርቅ እንደያዝኩ "አንተ አትገባም" አልኩት።

"ለምን?"

"ድድህ ታሟል።"

"አሁን ታከመ እኮ።"

"ያኔም ታሞ ነበር አባዬ። ሳስገባህ። አይቼዋለሁ። ጤነኛ ነው ብዬ ጻፍኩ።"

ዶክተር ጓንታቸውን እያወለቁ ነበር፤ አንዱ እጃቸው ላይ እንዳለ ቀረ።

የአባዬ ጉንጭ በማደንዘዣው ስለደነዘዘ ቃሉ እየተንሸራተተ ነበር የሚወጣው። "ታዲያ ለምን አስገባሽኝ?"

"ሠላሳ እንዲሞላ።"

ራሱን ነቀነቀ፤ ስፌት ሲበላሽበት እንደሚያደርገው፣ ቀስ ብሎ። ደረቱ ላይ ያሰርኩለትን ፎጣ ራሱ ፈታው፤ አጣጥፎ ወንበሩ ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ወደ ዶክተር ዞረ።

"ዶክተር፣ ከእንግዲህ እርስዎ ራስዎ ይሠሩልኛል?"

"እሠራልዎታለሁ።"

"መቼ ልምጣ?"

ራዲዮ ምሳ ወጥታ ስለነበር ቀጠሮውን መዝገቡ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ።